መነሳሻ እስኪመጣ አትጠብቁ፦ ከአንድ ማስታወሻ ተነስቶ ግጥም የመጻፍ መመሪያ

«መጻፍ እፈልጋለሁ፣ ግን ስሜቱ አልመጣልኝም» የሚል ሰው በየቦታው አለ። አብዛኞቹ ችሎታ አያንሳቸውም። የሚያንሳቸው መነሻ ነው። ባዶ ወረቀት ፊት ቁጭ ይሉና ስለ ፍቅር፣ ስለ አገር፣ ስለ ሞት ሊጽፉ ያስባሉ። እነዚህ ደግሞ ሲበዛ ትልልቅ ናቸው። ብዕሩ ከየት እንደሚጀምር ግራ ቢገባው አይፈረድበትም።

እዚህ የምንሄደው በሌላኛው መንገድ ነው። አንዲት ትንሽ ማስታወሻ ይዘን አራት መስመር ግጥም እስክትሆን ድረስ አብረናት እንቆያለን። መንገድ ላይ ስለ ምጣኔ (የስንኝ ርዝመት ልክ)፣ ስለ ቤት መምታት (የስንኞች መጨረሻ በድምፅ መግጠም)፣ ስለ ሰምና ወርቅ እናወራለን። እኔ የማምነው ነገር ቢኖር መነሳሻ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው እየጻፉ ሳለ መሆኑን ነው። ስድስት ቀለም (በአንድ ምት የሚወጣ ድምፅ) ለመሙላት፣ አንድ ቤት ለመምታት ስትታገሉ ያላሰባችሁት ሐሳብ ዱብ ይላል። ይሄን ከታች በምሳሌ ታዩታላችሁ።

1. የተሰማችሁን ትታችሁ ያያችሁትን መዝግቡ

ትንሽ ደብተር ያዙ። ደብተር ካስቸገረ የስልክ ማስታወሻም ይበቃል። ሕጉ አንድ ብቻ ነው፦ ስሜት አይመዘገብም። «ዛሬ በጣም ከፋኝ» ብላችሁ ብትጽፉ ከወር በኋላ ስታነቡት ምንም አይነግራችሁም። ያያችሁትን ወይም የሰማችሁትን ነገር ብትጽፉ ግን ስሜቱ አብሮ ተቀምጦ ይጠብቃችኋል።

እንደዚህ ያሉ ማስታወሻዎችን አስቡ፦

ሊስትሮው ደንበኛ ሲጠፋ የራሱን ጫማ ይጠርጋል።

ታክሲ ውስጥ አንዲት ሴትዮ በስልክ፦ «ኧረ እኔ ደህና ነኝ፣ አንተ ብቻ አትምጣ።»

ቤቱ ፈርሷል። ቁልፉ ግን አሁንም አባትየው ቁልፍ መያዣ ላይ አለ።

ሦስቱም ውስጥ የማይስማሙ ሁለት ነገሮች አሉ። ሴትዮዋ ደህና ነኝ እያለች አትምጣ ትላለች። ቁልፍ አለ፣ የሚከፍተው በር የለም። ግጥም የሚበቅለው እዚህ ስንጥቅ ውስጥ ነው። ስለዚህ ቀን ሙሉ ስትዘዋወሩ «ምን የሚያምር ነገር አየሁ?» ብላችሁ አትፈልጉ። «ምንና ምን አልገጥም አሉ?» ብላችሁ ፈልጉ።

ሰው የተናገረውን ስትመዘግቡ እንዳለ ውሰዱት። አታርሙት፣ ወደ መጽሐፍ አማርኛ አትቀይሩት። «አንተ ብቻ አትምጣ» የሚለውን «እባክህን እንዳትመጣ» ብታደርጉት ያ ሁሉ ነገር ይሞታል። አፍ ላይ ያለው አማርኛ የራሱ ምት አለው፣ ያ ምት በኋላ ያስፈልጋችኋል።

ምንም አላየሁም የምትሉ ከሆነ ቤታችሁ ውስጥ ፈልጉ። የማይሠራ ሆኖ የማትጥሉት ዕቃ ምንድን ነው? በቤተሰብ ፎቶ ጠርዝ ላይ ግማሽ ፊቱ ብቻ የሚታየው ሰውዬ ማነው? እንግዳ ሲመጣ ቤት ውስጥ የማይወራው ወሬ የቱ ነው? አያታችሁ ይሉት የነበረ፣ እናንተ ጋ ሲደርስ የጠፋ ቃል አለ? ለእያንዳንዱ አንድ አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። ከዚያ አቁሙ። ማስታወሻው ላይ ግጥም ለመጀመር አትቸኩሉ፣ ትንሽ ይደር።

2. ጆሯችሁን አሠልጥኑ

አማርኛ ግጥም በዓይን ከሚነበብ ይልቅ በጆሮ የሚሰማ ነገር ነው። ግጥም ስታነቡ ድምፃችሁን አውጥታችሁ አንብቡ። የወደዳችሁትን በእጃችሁ ገልብጡ። ጥቂቱን ደግሞ በቃላችሁ ያዙ። በቃል የያዛችሁት ግጥም ምጣኔው ውስጣችሁ ይቀራል፣ የራሳችሁን ስትጽፉ ሳትቆጥሩ ትሰሙታላችሁ።

መጽሐፍ ብቻ አይበቃም። ከመጽሐፍ በፊት የነበረው ቃል ግጥም ትልቅ ትምህርት ቤት ነው። ሙሾው፣ ቀረርቶው፣ እንጉርጉሮው፣ የሰርግ ግጥሙ፣ አዝማሪ እዚያው በዚያው የሚደረድረው። ትልልቅ ዘመዶች ካሏችሁ አስነግሯቸውና ቅዷቸው። ሙሾ አውራጅ ስለ አንድ ሟች ሁለት መስመር ስትል የሰውዬውን ሕይወት እንዴት እንደምታጥፈው ልብ በሉ። «ደግ ነበር» ብላ አታልፍም። ደጁን፣ በቅሎውን፣ ጋቢውን ነው የምትጠራው።

አዲስ አበባ ያላችሁ ወመዘክር፣ ማለትም ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ፣ ጎራ በሉ። የድሮ የግጥም መድብሎች፣ ጋዜጦችና መጽሔቶች እዚያ ይገኛሉ። ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ የሚለጠፈውን ብቻ እያነበበ የሚጽፍ ሰው ሳያውቀው የሁሉም ሰው ድምፅ ይሆናል። ይሄን የምለው ለማናናቅ አይደለም፣ እዚያም ጥሩ ጥሩ ነገር አለ። ግን አንድ ምንጭ አይበቃም።

3. ግጥም ነው ወይስ ታሪክ?

ሁሉም ማስታወሻ ግጥም አይሆንም። ቀላል መለያ አለው። ማስታወሻውን ስታነቡ «ከዚያስ ምን ሆነ?» የሚል ጥያቄ ከመጣባችሁ የአጭር ልቦለድ ዘር ነው። የታክሲዋ ሴትዮ እንደዚያ ናት። ማን ነው እንዳይመጣ የተባለው? መጣ? እሷን ለግጥም ብታጠብቧት ታባክኗታላችሁ። ቁልፉ ላይ ግን «ከዚያስ?» አይባልም። ነገሩ እዚያው ቆሟል። ዝም ብሎ የሚታይ ነገር ነው። ግጥም የሚሆነው እሱ ነው፣ ከአሁን በኋላ እሱን ይዘን እንቀጥላለን።

4. ምጣኔውን ምረጡ

ብዙ ጀማሪ የሚደናቀፈው እዚህ ነው። ቤት ይመታል፣ ስንኞቹ ግን አንዱ ረዝሞ አንዱ አጥሮ ንባቡ ያነክሳል።

መጀመሪያ መቁጠር እንልመድ። የሚቆጠረው ቀለም ነው፣ ማለትም አፍ ላይ በአንድ ምት የሚወጣው ድምፅ። ፊደሉን አትቁጠሩ። ሳድስ ፊደል (እንደ «ል»፣ «ፍ» ያለው) ብዙ ጊዜ ድምፅ አልባ ሆኖ በፊቱ ባለው ይዋጣል። «ቁልፍ» ሦስት ፊደል ነው፣ ሲነገር ግን አንድ ምት ነው። «ቤታችን» አራት ፊደል፣ ሦስት ምት። «ከፈረሰ» ደግሞ ሳድስ ስለሌለው አራት ፊደል፣ አራት ምት። ፊደል መጥበቁ ምት አይጨምርም። ከተጠራጠራችሁ ጠረጴዛ እየመታችሁ ተናገሩት፣ ጣታችሁ አይዋሽም።

የአማርኛ ስንኝ አብዛኛውን ጊዜ መሐሉ ላይ ትንፋሽ አለው፣ በሁለት ሐረግ ይከፈላል። የሐረጉ ርዝመት ነው የግጥሙን ቤት፣ ማለትም የምጣኔውን ዓይነት፣ የሚወስነው። የታወቁትን በዚያችው በቁልፏ እንሞክራቸው።

ቡሄ በሉ የሚባለው አራት ለአራት ነው። ስሙን ራሱን ብትቆጥሩት አራት ነው፦ ቡ፣ ሄ፣ በ፣ ሉ።

ቁልፉ አለ፣ በሩ የለ፤
አባባ ግን ቤቴ አለ።

አጭር ነው፣ ይዘላል፣ የልጅ ጨዋታ ይመስላል። ከባድ ነገር በልጅ አፍ ማስነገር ስትፈልጉ ይሄን ምረጡ። ተቃርኖው ብቻውን ይሠራላችኋል።

ሰንጎ መገን አምስት ለአምስት ነው።

ቤታችን ፈርሶ ቁልፍ ብቻ ቀረ፤
አባቴ ይዞት ሲዞር አደረ።

ይሄኛው ይራመዳል። አንድ እግር ትንሽ የጎደለው አረማመድ ነው፣ እረፍት አይሰጥም። ለሚቅበዘበዝ ሰው ጥሩ ነው።

ወል ቤት ስድስት ለስድስት ነው። አማርኛ ግጥም ውስጥ እንደ እሱ የተዘወተረ የለም።

ቤቱ ከፈረሰ ዓመት ሞላው ዛሬ፤

ረጋ ብሎ የሚያወራ ሰው ድምፅ አለው። ታሪክ ለመንገርም፣ ለመቆዘምም ይመቻል። ጀማሪ ከሆናችሁ በዚህ ጀምሩ። ጆሯችሁ ሳታውቁት ለምዶታል።

ስምንት ለስምንት ደግሞ አለ። ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ብዙ ስለሠሩበት ጸጋዬ ቤት ይባላል።

ቤቱ ከፈረሰ ወዲህ፣ አባቴ ቁልፉን እያየ

አያችሁ፣ መስመሩ አልቆ እንኳ ሐሳቡ አላለቀም። ትንፋሽ ይፈልጋል፣ መድረክ ላይ ያምራል። ግን ረጅም ሐረግ ለመሙላት ስትሉ የማያስፈልግ ቃል መደርደር ይመጣል። ሌሎቹ በእጃችሁ ከገቡ በኋላ ብትሞክሩት ይሻላል።

አንድን ሐሳብ በአራቱም ቤት መጻፍ ራሱን የቻለ ልምምድ ነው። ቃሉ ሲለዋወጥ ሐሳቡም እንደሚለዋወጥ ትገረማላችሁ። በቡሄ በሉው አባትየው ይናገራል፣ በሰንጎ መገኑ ይዞራል፣ በጸጋዬ ቤቱ ዝም ብሎ ያያል። ይሄን ቀድሜ አስቤው አልነበረም። ቦታው ሲጠብና ሲሰፋ ራሱ የመጣ ነው።

እኛ ወል ቤቱን እንያዝ።

5. ቤት ስትመቱ ከግሥ ሽሹ

አማርኛ ዓረፍተ ነገሩን የሚጨርሰው በግሥ ነው። ግሦቻችን ደግሞ መጨረሻቸው ይመሳሰላል። ፈረሰ፣ ደረሰ፣ አለቀሰ፣ ተመለሰ። ይመጣል፣ ይሄዳል፣ ይበላል። ስለዚህ በአማርኛ ቤት መምታት እንደ ማዛጋት ቀላል ነው። ችግሩም እሱ ነው።

ቤታችን ፈረሰ፣ ልቤም አለቀሰ፤
ያ ሁሉ ትዝታ ዳግም ተመለሰ።

ቁጠሩት፣ ስድስት ለስድስት ነው። ቤቱም ድፍን ብሎ ይመታል። ግጥሙ ግን ሞቷል። አንባቢ «ፈረሰ»ን ሲሰማ «አለቀሰ» እንደሚመጣ ያውቃል። አንባቢ የሚያውቀውን ቃል ስትሰጡት መስማት ያቆማል።

መውጫው የቃላቱን ቦታ ማገላበጥ ነው። ተራው አባባል «ቤቱ ከፈረሰ ዛሬ ዓመት ሞላው» ነው። «ዛሬ»ን ወደ መጨረሻ ስንወስዳት መስመሩ በግሥ መዝጋቱ ቀረ፦

ቤቱ ከፈረሰ ዓመት ሞላው ዛሬ፤

አሁን በ«ሬ» የሚያልቅ ቃል ያስፈልገናል። ልብ በሉ፣ «ሬ» ነው እንጂ «ረ» ወይም «ራ» አይደለም። ፊደሉ ብቻ ሳይሆን አናባቢውም መግጠም አለበት። ጽሕፈታቸው የተለያየ፣ ድምፃቸው አንድ የሆኑት እነ «ሰ» እና «ሠ»፣ እነ «ጸ» እና «ፀ» ግን ቤት ይመታሉ፣ ጆሮ አይለያቸውም።

እዚህ ጋ ነው አእምሮ ቀድሞ የመጣለትን ይዞ መሮጥ የሚፈልገው። አትሩጡ። ወረቀቱ ጎን ዝርዝር አውጡ፦ ወሬ፣ ፍሬ፣ ጥሬ፣ ገበሬ፣ በሬ፣ አጥሬ፣ ድንበሬ፣ ምሥጢሬ፣ ግንባሬ፣ አገሬ፣ ሰፈሬ። ከዚያ አንድ በአንድ ሞክሯቸው።

«በሬ» መጀመሪያ ትመጣለች። ቁልፍና በር ግን ከሩቅ የሚጠራሩ ዘመዳሞች ናቸው፣ አዲስ ነገር አልተባለም። «አገሬ» ታጓጓለች። «አባቴ ግን ቁልፉን ይለዋል አገሬ» ብትሉ መድረክ ላይ ያስጨበጭባል። ነገር ግን ከአንዲት ቁልፍ ተነስቶ አገር ላይ መውጣት በጣም ትልቅ ዝላይ ነው፣ ሰውዬውን ትቶ ባንዲራ ያውለበልባል። «ሰፈሬ» ግን ልኩ ነው። ሰውዬው ያጣው ቤቱን ብቻ አይደለም። ጎረቤቱን፣ መንገዱን፣ ማዶ ሆኖ የሚጠራውን ሰው ሁሉ አጥቷል። ያ ሁሉ አንዲት ቁልፍ ውስጥ ገባ።

ቤቱ ከፈረሰ ዓመት ሞላው ዛሬ፤
አባቴ ግን ቁልፉን ይለዋል ሰፈሬ።

ማስታወሻው ላይ ሰፈር የሚባል ነገር አልነበረም። ሐሳቡን ያመጣችው «ሬ» ናት። መነሳሻ ከውጭ አይጠበቅም የምለው ለዚህ ነው።

6. ስሜቱን አትሰይሙት፣ ሰውዬውን አስነሱት

ሁለት ስንኝ አለን። አሁን ፈተናው ስለ አባትየው ኀዘን መናገር ነው። እጅ ራሱ «ናፍቆቱ በዝቶበት ልቡ እየደማ» ሊጽፍ ይሄዳል። ያዙት።

የአማርኛ የፍቅርና የናፍቆት ግጥም ውስጥ ሳይጠሩ የሚመጡ እንግዶች አሉ። ለሌላው የምትቀልጥ ሻማ፣ እሾሃማ ጽጌረዳ፣ ብቸኛ ጨረቃ፣ እንደ ጎርፍ የሚወርድ እንባ፣ የሚደማ ልብ። መጀመሪያ የተባሉ ቀን ድንቅ ነበሩ። አሁን ደክመዋል፣ ይረፉ። በነሱ ፈንታ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ይሄ ሰው ይሄን ሲሰማው በእጁ ምን ያደርጋል?

ቁልፍ ያለው ሰው ከቤት ሲወጣ ኪሱን ይዳብሳል። ሁላችንም እናደርገዋለን። አባትየው ደግሞ አሁን የሚኖረው ሌላ ቤት ነው፣ ምናልባት ኮንዶሚኒየም። ስለዚህ ኪሱ ውስጥ ሁለት ቁልፍ አለ፣ የአዲሱና የድሮው። የትኛውን ይረሳል?

ኪሱን ዳበስ አርጎ ሲወጣ ከበሩ፣
አዲሱን ይረሳል፣ አይረሳም ነባሩ።

ኀዘን የሚል ቃል የለም። ናፍቆት የሚል የለም። ሰውዬው ደጅ ላይ ተቆልፎበት ሊቀር ነው፣ ትንሽም ያስቃል። የሚያስቅ ነገር አጠገብ ያለ ሐዘን የበለጠ ይሰማል፣ ስለዚህ ፈገግታን ከግጥማችሁ አታባርሩ።

እዚህም ቤት መድፊያው ግሥ አይደለም። «በሩ» እና «ነባሩ» ናቸው። በመጀመሪያው ሁለት ስንኝ የሸሸናት «በር» በራሷ ሰዓት ተመልሳ መጣች። በዝርዝር የያዛችሁትን ቃል አትጣሉ የምለው ለዚህም ነው።

7. ሰምና ወርቅ፦ ካገኛችሁት እሰየው፣ ካላገኛችሁት አታስገድዱት

ቅኔ የቤተ ክህነት ትምህርት ነው፣ በግእዝ ነው የሚዘረፈው። ተማሪው ሁለት ቤት (ሁለት መስመር) ባላት በጉባኤ ቃና ይጀምርና ደረጃ በደረጃ እየረዘመ ይሄዳል። ዓመታት ይፈጃል። አማርኛ ግጥም ከዚያ ቤት የወረሰው ትልቅ ሀብት ሰምና ወርቁን ነው፦ ላይ ላዩን አንድ ነገር የሚል፣ ውስጡ ሌላ የያዘ ንግግር። ሁለቱን የሚያገናኘው ኅብረ ቃል ይባላል።

ፊደላችን መጥበቅና መላላትን ስለማያሳይ ወረቀት ላይ ብዙ ኅብረ ቃል ተደብቆ ይተኛል። ወደ ቡሄ በሉዋ ተመለሱ። «አባባ ግን ቤቴ አለ» የሚለውን አላልታችሁ ስታነቡት አባባ «ቤቴ» ብሎ ተናገረ ማለት ነው። አጥብቃችሁ ስታነቡት ደግሞ ቤቱ አሁንም አለ ማለት ይሆናል። የፈረሰ ቤት አለ! ያቺ አንዲት ቃል ግጥሙን ሁለት አደረገችው። «ነባሩ»ም እንደዚያው ናት። ሰሙ የድሮው ቁልፍ ነው፣ ወርቁ የሰፈሩ ነባር ነዋሪ።

ይሄ ሲገኝ ነው የሚያምረው። ቀድሞ ኅብረ ቃል አውጥቶ ለእሱ ግጥም የሚሰፋ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያገኘው እንቆቅልሽ ነው። ጥሩ መመዘኛ አለ፦ ወርቁ ያልገባው አንባቢ በሰሙ ብቻ ይረካል? ካልረካ ሰሙ ቀጥኗል፣ እንደገና ሥሩት።

ለልምምድ ያህል ሲጠብቁና ሲላሉ የሚለወጡ ቃላትን ዝርዝር ያዙ። ገና፣ ሰፊ፣ ዋና፣ ይሰማል። በየጊዜው ጨምሩበት። አንድ ቀን አንዱ ቦታውን ያገኛል።

8. ማረም

ግጥሙን ጽፋችሁ ስትጨርሱ ደስ ይላችኋል። በዚያ ደስታ ላይ ሆናችሁ ለሰው አትላኩ። ይደር። ጠዋት ላይ አውጥታችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡት፣ ምላሳችሁ የተሰናከለበት ቦታ ሁሉ ላይ ምልክት አድርጉ።

ከዚያ ለሌላ ሰው ስጡና ሳያጠና እንዲያነብላችሁ አድርጉ። እናንተ ዝም በሉ። «እዚህ ጋ እንዲህ ለማለት ፈልጌ ነው» ማለት ክልክል ነው። ሰውዬው የቆመበት፣ ደግሞ ያነበበው፣ የተሳሳተው ቦታ ሁሉ መረጃ ነው። የምትወዱት ሰው «በጣም ያምራል» ቢላችሁ አመስግናችሁ እለፉ፣ ለሥራ አይጠቅምም። «የቱ መስመር ትዝ ይልሃል?» ብላችሁ በማግሥቱ መጠየቅ ይጠቅማል።

ስታርሙ የምትፈልጓቸው ሌቦች አሉ። ምጣኔ ለመሙላት ብቻ የገቡት እነ «እኮ»፣ «ያው»፣ «እንግዲህ»፣ «ዳሩ ግን» ዋናዎቹ ናቸው። ንግግር ውስጥ ቦታ አላቸው፣ ግጥም ውስጥ ግን ብዙ ጊዜ ቀዳዳ መድፈኛ ናቸው። አንዱን አንስታችሁ ትርጉሙ ካልተነካ ሌባ ነበር። በቦታው ሥራ ያለው ቃል ፈልጉ። የኛው መስመር ላይ ያለው «ግን»ስ? እሱ ሥራ አለው። ፈርሷል በሚለውና ሰፈሬ በሚለው መካከል የቆመ እሱ ነው።

ቀጥሎ መጨረሻውን ተመልከቱ። የጀማሪ ግጥም አብዛኛውን ጊዜ አንድ ቦታ ላይ አልቆ ሳለ ሁለት መስመር ይቀጥላል። በነዚያ ሁለት መስመሮች ገጣሚው ምክር ይሰጣል፦ ወገኔ ሆይ ንቃ፣ ፍቅር ይበልጣል፣ ቀን ያልፋል። ሸፍናችሁ አንብቡት። ግጥሙ ያለነሱ ከቆመ ሰርዟቸው። እኛም «ነባሩ» ላይ ካበቃን በኋላ ስለ ትዝታ ጽናት አንድ ስንኝ ልንጨምር እንችል ነበር። ምን ያደርጋል? ሰውዬው ደጅ ቆሟል፣ በቃ።

የመጀመሪያው መስመርም ይፈተሽ። እዚያ ያለው ብዙ ጊዜ ማሟሟቂያ ነው። ሦስተኛው ስንኝ ላይ ጀምራችሁ አንብቡና ምን እንደጎደለ እዩ።

ሥርዓተ ነጥብ ትንሽ ነገር ይመስላል፣ ግን ለሚያነብ ሰው ትንፋሽ ነው። ነጠላ ሰረዝ ቶሎ ያልፋል፣ ድርብ ሰረዝ ያሳርፋል፣ አራት ነጥብ ይዘጋል። በየስንኙ መጨረሻ ያለ አሳብ ቃለ አጋኖ መደርደር ይቅር። መስመሩ ራሱ ካልጮኸ ምልክቱ አያስጮኸውም።

ቤት የማይመታ ግጥም መጻፍ የምትፈልጉም ትኖራላችሁ። ይቻላል፣ ጥሩ ጥሩ ሥራዎችም አሉ። ከባድ ስለሆነ እንጂ ቀላል ስለሆነ አይምረጡት። ቤትና ምጣኔ ሲወጣ ግጥሙን የሚሸከመው ሥዕሉና የመስመሩ አቆራረጥ ብቻ ነው። አንድ ሰሞን በወል ቤት ሠርታችሁ ብትመጡ እጃችሁ ይጠናል።

9. አልመጣም ሲል

የሚደርቅበት ሰሞን አለ። ያኔ ትልቅ ነገር አትጀምሩ። የጻፋችሁትን የድሮ ግጥም አንስታችሁ በሌላ ሰው አፍ አስነግሩት። የኛን ብንወስድ «አባቴ» የሚለው ልጅ ትቶ ቁልፉ ራሱ ቢናገርስ? ወይም ቤቱን ያፈረሰው የግሬደር ሹፌር? ሹፌሩ ማታ ቤቱ ሲገባ ቁልፉን ያወጣል። እዚያ ሌላ ግጥም አለ።

ካልሆነም ክልከላ አውጡ። አንድ ሙሉ ግጥም «ልብ»፣ «ፍቅር» እና «ሕይወት» የሚሉ ቃላት ሳይገቡበት ጻፉ። ወይም በጥያቄ ብቻ። ወይም የገበያ ዝርዝር አስመስላችሁ። አእምሮ ሰፊ ሜዳ ሲሰጡት ይተኛል፣ በር ሲዘጉበት መስኮት ይፈልጋል።

ያም ካልሆነ አንብቡ። ሳይጽፉ ማንበብ ሥራ መፍታት አይደለም።

10. ወደ ሰው ሲወጣ

መድረክ ላይ ማንበብ ከፈለጋችሁ መጀመሪያ እንደ አድማጭ ሂዱ። የግጥም ምሽቶችና ግጥም በጃዝ የሚቀርቡባቸው መድረኮች አሉ። የትኛው ግጥም ጆሮ ላይ እንደሚደርስ፣ የትኛው ወረቀት ላይ ብቻ እንደሚያምር እዚያ ይለያል። ስታነቡ ቀስ በሉ። ሁሉም ጀማሪ ይቸኩላል። በሁለቱ ሐረግ መካከል ያለችውን ትንፋሽ አትዝለሏት፣ አድማጩ የሚያስበው በሷ ውስጥ ነው።

መለጠፍ ለምትፈልጉ ደግሞ የመብቱን ነገር ማወቅ አይከፋም። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት አንድ ግጥም ከተፈጠረና ተጽፎ ከተቀመጠ ጥበቃ አለው። ጥበቃውን ለማግኘት መመዝገብ ግዴታ አይደለም። የኢኮኖሚ መብቱ ገጣሚው በሕይወት እስካለ ድረስና ከሞተ በኋላም ለ50 ዓመት ይቆያል። ያም ሆኖ ግጥም ከስም ጋር ተለያይቶ መዞር ይወዳል። ስለዚህ ስትለጥፉ ስማችሁንና ቀኑን እዚያው ከግጥሙ ሥር አድርጉ። ረቂቆቹንም አትጣሉ። ስርዝ ድልዝ ያለበት ወረቀት «የኔ ነው» የሚል ክርክር ቢመጣ ያግዛችኋል። ከዚያ በላይ ደግሞ ያልተመረጡት ቃላት እዚያ ናቸው፤ እነ «ድንበሬ»ና «ምሥጢሬ» ገና ምንም አልተነኩም።